ኬላና ዙፋን፤ የጋና፣ የማሊና የሶንጋይ መንግሥታት አነሣሥና አወዳደቅ

በሰሐራ በረሃ መካከል ታጋዛ የምትባል የጨው መንደር ነበረች። የቤቶቿ ግድግዳ ከጨው ጡብ የተሠራ፣ ክዳናቸውም የግመል ቆዳ ነበር። ዛፍ አይበቅልባትም፤ እህል አይዘራባትም። በ1352 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዚያ ያለፈው የሞሮኮ ተወላጅ ኢብን ባቱታ እንደመሰከረው፣ ጨውን ከምድር እየፈለጡ የሚያወጡት ባሮች ብቻ ነበሩ። የሚበሉትም ከሰሜን የሚመጣላቸውን ተምር፣ ከደቡብ የሚጫንላቸውን እህልና የግመል ሥጋ ነበር።

ከታጋዛ ወደ ደቡብ፣ የብዙ ሳምንታት የግመል ጉዞ አልፎ፣ በሴኔጋልና በፋሌሜ ወንዞች መካከል በሚገኘው በባምቡክ ምድር ደግሞ ገበሬው አዝመራውን ከሰበሰበ በኋላ በበጋው ጉድጓድ እየማሰ ወርቅ ያጥብ ነበር። ጨው ያለው ወርቅ የለውም፤ ወርቅ ያለው ጨው የለውም። አሞሌ በገንዘብነት ሲዘዋወር በኖረበት አገር ላደገ አንባቢ፣ ጨው ከወርቅ ጋር በአንድ ሚዛን ሊቀመጥ መቻሉ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

ጋና፣ ማሊና ሶንጋይ የተባሉት የምዕራብ አፍሪካ ታላላቅ መንግሥታት ከስምንተኛው እስከ ዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን ተራ በተራ የተነሡት በእነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል ነው። የኃይላቸው መሠረት መንገዱ ነበር። ሲራራ ነጋዴው የሚያልፍበትን በር ይዘው ኬላ አቆሙ፤ ከኬላው ቀረጥ፣ ከቀረጡ ሠራዊት፣ ከሠራዊቱም ዙፋን ተገኘ። የአነሣሣቸውን ያህል የአወዳደቃቸውም ምስጢር የሚገኘው ከዚሁ ከኬላው ላይ ነው።

ከሦስቱ ቀዳሚዋ ጋና ናት። ባለቤቱ የሶኒንኬ ሕዝብ አገሩን የሚጠራው ዋጋዱ ብሎ ሲሆን፣ «ጋና» የንጉሡ ማዕረግ ነበር። የዛሬይቱ የጋና ሪፐብሊክ ስሟን ከዚህች መንግሥት ትውሰድ እንጂ፣ የጥንቷ ጋና የነበረችው ከዚያ ርቆ በሰሜን ምዕራብ፣ በዛሬዎቹ ሞሪታንያና ማሊ ወሰን አካባቢ ነው። በ1068 ዓ.ም. አል-በክሪ የተባለው የአንዳሉስያ ሊቅ ከነጋዴዎች ቃል ለቅሞ እንደጻፈው፣ ንጉሡ ወደ አገሩ ከሚገባው ከእያንዳንዱ የአህያ ጭነት ጨው አንድ ዲናር፣ ከአገሩ ሲወጣ ደግሞ ሁለት ዲናር ወርቅ ይቀርጥ ነበር። ከማዕድኑ የተገኘው እንክብል ወርቅ ሁሉ የንጉሡ ነው፤ ለሕዝቡ የሚተወው ብናኙ ነው። ይህ ባይደረግ ወርቁ በዝቶ ይረክስ እንደነበር ጸሐፊው ያስረዳል። ንጉሡ አቤቱታ ለመስማት በተቀመጠ ጊዜ ወርቀ ዘቦ የለበሱ ዐሥር ፈረሶች በዙሪያው ይቆማሉ፤ ውሾቹ እንኳ የወርቅና የብር አንገትጌ ያጠልቃሉ። በመንገድ ላይ የተቀረጠው ሀብት ለሕዝብ የሚታየው በእንዲህ ያለ ትርኢት ነበር።

የጋናን ውድቀት የሶኒንኬ አዛውንት በአፈ ታሪክ ይተርኩታል። ቢዳ የሚባል ታላቅ እባብ የዋጋዱን ወርቅና ዝናብ ይጠብቅ ነበር፤ ዋጋውም በየዓመቱ የምትገበርለት አንዲት ቆንጆ ልጃገረድ ነበረች። ተራው ሲያ ለተባለች ልጃገረድ በደረሰ ጊዜ እጮኛዋ ሰይፉን መዝዞ እባቡን ቆራረጠው። የእባቡም ራስ ወደ ደቡብ በርሮ ቡሬ በተባለው አገር ወደቀ። ቡሬ ወርቅ አፈለቀች፤ ዋጋዱን ግን ድርቅ መታት፤ ሕዝቡም ተበተነ። ይህ ተረት ሥጋው ምናብ ቢሆንም አጥንቱ ታሪክ ነው። በ1050ዎቹ ዓመታት አልሞራቪዶች የተባሉት የበረሃ ተዋጊዎች አውዳጉስት የተባለችውን የንግድ ከተማ ከጋና እጅ ነጠቁ። በዐሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት በላይኛው የኒጀር ወንዝ አካባቢ የቡሬ ወርቅ በብዛት መውጣት ጀመረ። የዋጋዱ መስክም እየደረቀ ሄደ። መንገዱ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ዞረ፤ ኬላው ቅፍለት በማያልፍበት ምድር ላይ ብቻውን ቆሞ ቀረ።

መንገዱ በዞረበት አቅጣጫ ማሊ ተነሣች። በ1235 ዓ.ም. ገደማ የማንዲንካው ልዑል ሱንዲያታ ኬይታ የሶሶውን ንጉሥ ሱማኦሮ ካንቴን በኪሪና ጦር ሜዳ ድል ነሥቶ የላይኛውን ኒጀርና የወርቁን አገር በአንድ ሥልጣን ሥር አዋለ። ይሁን እንጂ የማሊ ነገሥታት እንኳ ጉድጓዱን እንደልባቸው ሊያዙት አልቻሉም። አል-ዑማሪ የተባለው ጸሐፊ እንደዘገበው፣ ነገሥታቱ ወርቅ አውጪዎቹን በኃይል አስገብተው ሃይማኖታቸውን ሊያስለውጧቸው በሞከሩ ቁጥር ምርቱ ይቀንስ ነበር፤ በመጨረሻም ግብሩን ብቻ እየተቀበሉ እንደነበሩ ሊተዋቸው ተገደዱ። ስሙ ያልተጻፈው ገበሬ ከመቆፈሪያው በቀር መሣሪያ ሳይኖረው ለንጉሠ ነገሥቱ ልክ አበጀለት።

ማንሳ ሙሳ በ1324 ዓ.ም. ወደ መካ ሲጓዝ ካይሮ ላይ የበተነው ወርቅ ዝናውን እስከ አውሮፓ አደረሰው። በ1375 ዓ.ም. በተሠራው የካታላን ካርታ ላይ ዘውድ ደፍቶ፣ የወርቅ እንክብል ይዞ ተሥሏል። የወርቁ ብዛት የካይሮን ገበያ ስላረከሰው፣ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላም ዋጋው ወደ ቀድሞው አልተመለሰም ነበር። ከዝናው በስተጀርባ ግን ሌላ እውነት አለ፤ ንጉሡ ከመካ ሲመለስ ስንቁ አልቆ ከካይሮ ነጋዴዎች በከባድ ወለድ ተበደረ።

የሀብቱን ምንጭ ለመረዳት የጨውን ዋጋ መከተል ይበቃል። በኢብን ባቱታ ዘመን አንድ የግመል ጭነት ጨው በዋላታ ከ8 እስከ 10 ምትቃል ወርቅ ሲያወጣ፣ በማሊ መዲና ከ20 እስከ 30፣ አንዳንዴም 40 ምትቃል ይሸጥ ነበር። ልዩነቱ በነጋዴውና በንጉሡ መካከል የሚከፋፈል ነው፤ ለታጋዛው ቆፋሪ ከተምርና ከእህል ያለፈ አልደረሰውም። ይኸው ተጓዥ ወደ ሰሜን ሲመለስ አብሮት የሄደው ቅፍለት 600 ሴቶች ባሮችን ይነዳ ነበር። ስለ ማሊ ክብር የሚጽፍ ብዕር ይህን ሊዘለው አይገባም።

ይኸው ኢብን ባቱታ በማሊ ቤተ መንግሥት ያየው አንድ ትርኢት ለኪነ ጥበብ ሰው ልዩ ትርጉም አለው። በበዓል ቀን ባለቅኔዎቹ ላባ ለብሰው፣ ቀይ ምንቃር ያለው የእንጨት ጭንብል አጥልቀው በንጉሡ ፊት ይቆማሉ። ከእርሱ በፊት በዚያ መንበር የተቀመጡትን ነገሥታት መልካም ሥራ እየቆጠሩ፣ እርሱም ከሞቱ በኋላ የሚነሣለትን በጎ ነገር እንዲሠራ ይመክሩታል። እንግዳው ነገሩን እንደ መሳቂያ ቆጠረው። ሆኖም በዚያ ጭንብል ውስጥ የነበሩት ጄሊዎች አዝማሪም፣ የታሪክ መዝገብም፣ አስታራቂ ሽማግሌም ነበሩ።

ማሊ በዙፋን ሽኩቻ ስትዳከም፣ በኒጀር ወንዝ መታጠፊያ ጋኦን መዲናዋ ያደረገችው ሶንጋይ በረታች። ሶኒ ዓሊ በ1468 ዓ.ም. ቲምቡክቱን ያዘ፤ ከ1493 ዓ.ም. ጀምሮ የነገሠው አስኪያ መሐመድም ግዛቱን እስከ ታጋዛ ድረስ አሰፋ። ቲምቡክቱ የሊቃውንት ከተማ ሆነች፤ ከተማይቱን የጎበኘው ሊዮ አፍሪካኑስ ከሌላው ሸቀጥ ሁሉ ይልቅ ትርፍ የሚገኘው ከመጻሕፍት እንደነበር ጽፏል። ነገር ግን በዚያው ዘመን፣ ከቤተ መንግሥቱ ዐይን ርቆ፣ መንገዱ እንደገና መዞር ጀምሮ ነበር። ፖርቱጋሎች በ1482 ዓ.ም. በዛሬይቱ ጋና የባሕር ዳርቻ የኤልሚናን ምሽግ ሠሩ፤ የደቡቡ ወርቅ ከፊሉ ከግመል ጀርባ ወርዶ በመርከብ ተጫነ።

የሞሮኮው ሱልጣን አህመድ አል-መንሱር በታጋዛ ጨው ላይ ቀረጥ ይገባኛል ማለቱ የጠቡ መነሻ ሆነ። በ1591 ዓ.ም. መጋቢት ወር፣ በጁዳር ፓሻ የሚመራ 4,000 ያህል ሰው በረሃውን ተሻግሮ በቶንዲቢ ከሶንጋይ ጋር ገጠመ። የሶንጋይ ሠራዊት በቁጥር እጅግ የሚበልጥ ቢሆንም በጦርና በቀስት የታጠቀ ነበር፤ የወራሪው እጅ ግን ጠመንጃ ይዞ ነበር። ድሉን የወሰነው ጠመንጃው ነው። ሆኖም አስኪያ ዳውድ ከሞተ በኋላ ልጆቹ በዙፋን ሲጣሉ መንግሥቱ አስቀድሞ ተከፋፍሎ ነበር። አሸናፊውም ቢሆን የፈለገውን የወርቅ ጉድጓድ አላገኘም፤ ያገኘው ኬላውን ነው። ንግዱ ወደ ውቅያኖስ እያዘነበለ ሄደ፤ በዚያም ዳርቻ ከወርቁ ይልቅ ሰው ራሱ ዋና ሸቀጥ የሚሆንበት ዘመን ተከተለ።

ወራሪዎቹ የቲምቡክቱን ሊቃውንት በ1593 ዓ.ም. አሥረው ወደ ማራኬሽ ወሰዷቸው። ከእነርሱ አንዱ አህመድ ባባ 1,600 መጻሕፍት እንደተዘረፉበት፣ የእርሱም ስብስብ ከዘመዶቹ ሁሉ ያነሰ እንደነበር ተናገረ። በ1608 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ እስከ ዕለተ ሞቱ ሲጽፍ ኖረ። በ2012 ዓ.ም. ታጣቂዎች ቲምቡክቱን በያዙ ጊዜ የከተማይቱ ሰዎች የአባቶቻቸውን የብራና ጽሑፎች በብረት ሳጥን እየከተቱ፣ በአህያ፣ በጀልባና በመኪና በስውር ወደ ባማኮ አሸሹ። ከሱማኦሮ ካንቴ እንደተወረሰ የሚነገርለትን ባላፎንም በጊኒ፣ በኒያጋሶላ መንደር፣ የኩያቴ ጄሊዎች ቤተሰብ ዛሬም ይጠብቀዋል።

ጋና፣ ማሊና ሶንጋይ ያለፈውን መቅረጥ ያውቁ ነበር፤ በቀረጡ ግን ጨው ፈላጩን ነፃ አላወጡበትም፤ ወርቅ አጣቢውንም አላበለጸጉበትም። ስለዚህ መንገዱ በዞረ ቁጥር ዙፋኑን ደግፎ የሚያቆም ከሥር አልተገኘም። መጽሐፉንና ባላፎኑን ግን ሕዝቡ የራሱ አድርጎ ስለያዛቸው፣ መንገዱ ሲዞር አብረውት አልሄዱም።