ገላን ላይ የተቆጠረው አባወራ

አቃቂ ቃሊቲ ዳር የሚገኘው ገላን ኮንዶሚኒየም ያረፈው የእርሻ መሬት በነበረ ቦታ ላይ ነው። መሬቱ ወደ ከተማ ሲዞር መንግሥት የሚወጣውን አባወራ በአንድ ሚዛን፣ የሚገባውን በሌላ መዘነ። በ1997 የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 455፣ በ2012 በሌላ አዋጅ እስኪተካ ድረስ፣ ለልማት ተነሺው ገበሬ ያለፉትን አምስት ዓመታት አማካይ የዓመት ገቢ በአስር አባዝቶ የማፈናቀያ ካሳ ያስብ ነበር። የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ ደግሞ በራሱም ሆነ በትዳር ጓደኛው ስም አዲስ አበባ ውስጥ ቤት እንደሌለው እንዲያረጋግጥ ይጠየቅ ነበር፤ ዕጣው ከወጣለት ስቱዲዮ ወይም ከባለ አንድ እስከ ባለ ሦስት መኝታ ይደርሰው ነበር። ሁለቱም ሚዛኖች የሚያዩት ንብረትን ነው። የባለይዞታው ጎልማሳ ልጅ ባባቱ ማሳ ላይ ስንት ክረምት እንዳረሰ ካሳው አይነግረንም፤ ከዕድለኛው ቤት በደባልነት የሚኖረውንም ሰው ዕጣው አያውቀውም። ይህ ዓይን ድንገት የመጣ አይደለም። የሐምሌ 1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ሲፈቅድ መለኪያውን በሕግ ተክሎት ነበር።

አስተዳደር ያለ መለኪያ ዕጣ ማውጣት አይችልም የሚል መልስ ይሰጣል፤ ልክ ነው። ሌላው ተቃውሞ ግን ከዚህ ይጠነክራል፦ ኮንዶሚኒየም ሰፊውን የድሮ ቤተሰብ አጥብቦ በር ዘግቶ የሚኖር አደረገው ይባላል። ማስረጃው ይህን አይደግፍም። አለን ሆበን ስለ ጎጃም ዳሞት የርስት ሥርዓት በ1965 ያሳተመው ጥናት እንደሚያሳየው፣ ገበሬው በእናቱም በአባቱም በኩል በብዙ ቦታ ርስት ይጠይቅ ነበር፤ አብሮት የሚኖረው ቤተሰብ ግን ትንሽ ነበር፤ ልጅ ሲያገባ የራሱን ጎጆ ይወጣል፣ ትዳርም በቀላሉ ይፈርሳል። ስለዚህ ጠባብነቱን የሕንፃው ፎቅ አላመጣውም። ጠባቡን ቤት ያቆመው ከቤት ውጭ ያለው ነው፤ በገጠር ደቦው፣ በከተማ ዕቁቡና ዕድሩ።

ይህን በደንብ ያየው አንድ ሙያ ብቻውን አይደለም። ከ1986 ጀምሮ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በኦክስፎርድ አጥኚዎች ትብብር በ15 የገጠር ቀበሌዎች የሚኖሩ ከ1,400 በላይ ቤተሰቦች በተደጋጋሚ ተጠንተዋል። በዚህ ሥራ ከተሳተፉት ኢኮኖሚስቶች አንዱ ስቴፋን ደርኮን ከአንትሮፖሎጂስቱ አሉላ ፓንክረስትና ከሌሎች ጋር ሆነው ዕድርን ሲመረምሩ ያገኙት የለቅሶ ማኅበር ብቻ አልነበረም፤ የተጻፈ ደንብ፣ የአባላት መዝገብና የታወቀ ክፍያ ያለው ኢንሹራንስ ነበር። ገቢ ብቻ የሚጠይቅ ቅጽ ይህን ያልፈዋል፤ ልማድ ብቻ የሚመዘግብ ደግሞ ብሩን ይረሳል። ወደ ኮንዶሚኒየም የገቡ ብዙዎች የድሮ ሰፈራቸውን ዕድር ሳይለቁ በብሎክ ሌላ መመሥረታቸው የሚገባን በዚህ ዓይን ስናየው ነው። ሁለት ጊዜ መክፈል ለበጀት ብክነት ነው (እኔ ብክነት አልለውም)፤ አንዱ ሲዳከም ሌላው እንዲይዛቸው የተገባ ዋስትና ነው።

የሕዝብ ቆጠራ ቤተሰብን የሚለየው አብረው በሚኖሩና ከአንድ ማዕድ በሚበሉ ሰዎች ነው፤ ከንብረት ሚዛን የተሻለ ነው እላለሁ። የመጨረሻው ቆጠራ ግን የ1999ኙ ነው፤ ተከታዩ ተደጋግሞ ተራዝሟል። እስኪካሄድ ድረስ ስለ ገላን ነዋሪ መንግሥት በእጁ የያዘው በዋናነት የካሳና የዕጣ መዝገብ ነው።