ከመቃ ብዕር እስከ እስክሪብቶ
(የታሪክ ክበብ አባሎች ያዘጋጁት)

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሲቃረብ እኛ የታሪክ ክበብ አባሎች ለትርኢት የሚሆን ነገር ከአሮጌው ዕቃ ቤት ፈልገን እንድናወጣ ታዘዝን። ከተሰበሩት ወንበሮችና ከተቀደዱት ካርታዎች መካከል አንድ አሮጌ የተማሪ ዴስክ አገኘን። በቀኝ በኩል በማዕዘኑ ላይ የቡና ስኒ ቂጥ የሚያህል ክብ ቀዳዳ ነበረበት። ለምን እንደ ተበሳ ከመካከላችን የሚያውቅ አልተገኘም። አንዱ «የእርሳስ ማቆሚያ ነው» አለ፤ ሌላው ደግሞ «እንጨቱ ጉጥ ነበረበት፤ ጉጡ ወልቆ ነው» አለ።

ነገሩን የፈቱልን ስለ በዓሉ ዝግጅት ለመመካከር የመጡ አንድ አረጋዊ የቀድሞ ተማሪ ናቸው። ጣታቸውን ከቀዳዳው ውስጥ አግብተው ፈገግ አሉና «ልጆቼ፣ ይህ የቀለም ቢልቃጥ መቀመጫ ነው። በእኛ ጊዜ ብዕሩን በየቃሉ እየነከርን ነበር የምንጽፈው። ቀዳዳ ያለው ዴስክ ግን ለሁሉም አልደረሰም። እኔ ቢልቃጤን በሜዳው ጠረጴዛ ላይ አቁሜ ስፈተን የጓደኛዬ ክርን ገፋውና ቀለሙ በመልስ ወረቀቴ ላይ ፈሰሰ። አዲስ ወረቀት ተሰጠኝ፤ አዲስ ሰዓት ግን አልተሰጠኝም። በዚያ ፈተና ወደቅሁ» ሲሉ አጫወቱን።

እርሳቸው ከሄዱ በኋላ እስክሪብቶአችንን ከኪሳችን አውጥተን ተመለከትነው። በየቀኑ እንይዘዋለን እንጂ ይህን መልክ ስለ ምን እንዳገኘ ጠይቀን አናውቅም ነበር። ስለዚህ የመጻፊያ መሣሪያን ታሪክ መርምረን ያገኘነውን ለተከበራችሁ አንባብያን ባጭሩ እናቀርባለን። ዓመታቱን የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በሀገራችን የብዕር ታሪክ የመቃ ታሪክ ነው። ብዕር የሚለው ቃል ራሱ ከግዕዙ «ብርዕ» የመጣ ሲሆን ትርጓሜውም መቃ ወይም አገዳ ማለት ነው። ቁም ጸሐፊው መቃውን በቢላዋ ቀርጾ፣ ጫፉን ቆርጦ፣ መካከሉን ይሰነጥቀዋል። ስንጥቁ ቀለሙን ይዞ ቀስ በቀስ ወደ ብራናው ያወርደዋል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከልዩ ልዩ ዕፀዋት ተቀምሞ ይሠራል፤ ቀዩ ደግሞ ለቅዱሳን ስምና ለአርእስት ይውላል። ቀለሙ የሚቀመጠው በቀንድ ውስጥ ነው፤ ቀንዱም እንዳይወድቅ ሹል ጫፉ በመሬት ላይ ይተከላል። እንግዲህ በመሬት የተተከለው ቀንድና በዴስኩ ላይ ያየነው ቀዳዳ ለአንድ ጥያቄ የተሰጡ ሁለት መልሶች ናቸው፤ ይኸውም «ቀለሙ እንዳይፈስ ምን ይደረግ?» የሚለው ጥያቄ ነው።

የመቃ ብዕር ጉድለቱ መደነዙ ነው። ጸሐፊው ሥራውን እያቋረጠ መልሶ መላልሶ መቅረጽ አለበት። በአውሮፓም ከ1,000 ዓመት በላይ ሲጻፍበት የኖረው የዝይ ላባ ይኸው ጉድለት ነበረበት። ይህን ለማራቅ በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ ከ1820ዎቹ ዓመታት ጀምሮ እንደ ጆሳያ ሜሰንና እንደ ጆሴፍ ጊሎት ያሉ ባለ ፋብሪካዎች የብዕር ጫፍ ከስስ አረብ ብረት በመኪና እየቆረጡ በብዛት ያወጡ ጀመር። ዋጋውም ስለ ረከሰ ብዕር ለድኻ ልጅ እጅ ቀረበ።

ይሁን እንጂ አንዱ ጉድለት ሲርቅ ሌላው ብቅ አለ። ብረት እንደ ላባ አይለመጥም፤ ወረቀቱን ይቧጭራል። ጀምስ ፔሪ የተባለው እንግሊዛዊ በ1830 የፈጠራ መብት ያወጣበት ብዕር በስንጥቁ ራስ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ነበረው፤ በዚህም ጫፉ ሲጫኑት የሚለመጥ ሆነ። እንዲህ ያለው ቀዳዳ ዛሬም በብዙ የቀለም ብዕሮች ጫፍ ላይ ይታያል።

የብረቱም ብዕር ቢሆን ከቢልቃጡ አልተለየም። ቀለሙን በሆዱ የሚይዝ ብዕር ለመሥራት ብዙዎች ሞክረዋል፤ ነገር ግን ቀለሙ ወይ አልወርድ ይላል፣ ወይ ባንድ ጊዜ ይዘረገፋል። ምክንያቱ አየር ነው። አፈ ጠባብ ጠርሙስ ስንገለብጥ እንደምናየው ውሃው ደህና አድርጎ የሚወጣው በእርሱ ቦታ አየር ሲገባ ነው። አሜሪካዊው ሉዊስ ኤድሰን ዋተርማን በ1884 የፈጠራ መብት ባገኘበት ብዕር ውስጥ ቀለሙ በቀጫጭን ቦዮች ሲወርድ አየሩም በቦዮቹ በኩል ወደ ውስጥ እንዲገባ አደረገ። ከዚያ ወዲህ ተማሪው ቢልቃጡን ከጠረጴዛው ላይ ማንሣት ቻለ፤ የዴስኩም ቀዳዳ ቀስ በቀስ ሥራ ፈታ።

የቀለም ብዕር ግን ሁለት ጉድለት ቀረው። ጽሕፈቱ ቶሎ አይደርቅም፤ በእጅ ሲነካም ይጨማለቃል። ላስሎ ቢሮ የተባለ የሀንጋሪ ጋዜጠኛ የጋዜጣ ማተሚያ ቀለም ፈጥኖ እንደሚደርቅ አስተዋለ። ያ ቀለም ግን ወፍራም ስለ ሆነ በብዕር ስንጥቅ ውስጥ አይወርድም። ስለዚህ በጫፉ ላይ የምትሽከረከር ትንሽ ኳስ እንድትኖር አሰበ። ኳሲቱ ባንድ ገጿ ከውስጥ ያለውን ቀለም ትነካለች፤ በተንከባለለችም ጊዜ ቀለሙን በወረቀቱ ላይ ትቀባዋለች። አሳቡ ፈጽሞ አዲስ አልነበረም፤ ጆን ላውድ የተባለ አሜሪካዊ በ1888 ቆዳን በመሰለ ሻካራ ነገር ላይ ምልክት የሚያደርግ ባለ ኳስ ብዕር ሠርቶ ነበር፤ ለወረቀት ግን አልሆነለትም። ቢሮ ኳሱንና ቀለሙን ለማስማማት ከወንድሙ ከጊዮርጊ ጋር ደክሞ በ1938 የፈጠራ መብት አገኘ። ይሁዲ በመሆኑም በሀገሩ በይሁዲዎች ላይ ከወጣው ሕግ ሸሽቶ ወደ አርጀንቲና ተሰደደ፤ በዚያም በ1943 ሌላ የፈጠራ መብት አወጣ። የእንግሊዝ አየር ኃይል ብዕሩን ለአብራሪዎቹ ወሰደው፤ የቀለም ብዕር በከፍታ ላይ ያፈስ ነበርና። እንግሊዞች እስከ ዛሬ እስክሪብቶን በስሙ «ባይሮ» ይሉታል፤ አርጀንቲናም የልደቱን ቀን መስከረም 29ን የፈጣሪዎች ቀን ብላ ታከብረዋለች።

በ1945 ባለ ኳስ ብዕር በኒው ዮርክ ሲሸጥ ዋጋው 12 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር፤ ይህም ለተማሪ የሚቀመስ አልነበረም። ለሁላችን ያደረሰው ማርሴል ቢክ ነው። ይህ ሰው ከጓደኛው ከኤድዋር ቡፋር ጋር በፓሪስ አጠገብ በክሊሺ ፋብሪካ አቁሞ ከቢሮ መብቱን ገዛ፤ በታኅሣሥ 1950ም ዛሬ በየሱቁ የምናውቀውን እስክሪብቶ አወጣ። አሠራሩን እንመልከተው። ሰውነቱ እንደ እርሳስ ስድስት ገጽ ያለው በመሆኑ ከጠረጴዛ ላይ ተንከባሎ አይወድቅም። ብርሃን አሳላፊ በመሆኑ የቀረው ቀለም ከውጭ ይታያል፤ ተማሪውም በፈተና መካከል ድንገት አያልቅበትም። በጎኑ ላይ ያለችው የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ቀዳዳ የውስጡና የውጩ አየር እኩል እንዲሆን ታደርጋለች፤ ዋተርማን የመለሰው ጥያቄ እዚህም ተመልሷል ማለት ነው። ከዚህ ዓይነት እስክሪብቶ እስካሁን ከ100 ቢሊዮን በላይ ተሽጧል።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን የክዳኑ ነገር ነው። የዚህ እስክሪብቶ ክዳን ቀድሞ ጫፉ ድፍን ነበር። ልጆች ክዳንን በአፋቸው ይይዛሉ፤ እኛም በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ስናኝከው እንገኛለን። ክዳን ወደ ጉሮሮአቸው ገብቶ ትንፋሽ አጥተው የሞቱ ልጆች ነበሩ። ከዚህ የተነሣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ክዳኑ ጫፉ ላይ እንዲበሳ ሆነ፤ ቢዋጥ እንኳ ሐኪም እስኪደርስ ድረስ አየር እንዲያሳልፍ ነው። ብዙዎቻችን ይህችን ቀዳዳ ቀለሙ እንዳይደርቅ የተደረገች ትመስለን ነበር። እርሷ ግን በልጆች ሞት የተገኘች ትምህርት ናት።

እስክሪብቶ ሲመጣ የቀረብን ነገር የለም ብለን አንከራከርም። መቃው ጫፉ ሰፋ ብሎ ስለሚቆረጥ የፊደላችንን እግርና ራስ አንዱን ወፍራም፣ ሌላውን ቀጭን አድርጎ ይጽፋል፤ የብራና መጻሕፍት ውበትም ከዚህ የመጣ ነው። የእስክሪብቶ ኳስ ግን በየትም አቅጣጫ ብትሄድ መስመሯ አንድ ነው። መምህራን የልጆች የእጅ ጽሕፈት እንዳይበላሽ መሥጋታቸው በእኛ አገር ብቻ አልነበረም፤ በራሷ በፈረንሳይ እንኳ እስክሪብቶ በትምህርት ቤት የተፈቀደው በ1965 ነው። ደግሞም መቃው ሲያረጅ አፈር ይሆናል፤ ቀለሙ ያለቀበት ፕላስቲክ ግን በየጉድጓዱ ተጥሎ ለዘመናት ይኖራል። ይህም ገና መልስ የሚጠብቅ ጉድለት ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የተረዳነው አንድ ነገር ነው። የዕለት መገልገያ ዕቃ ባንድ ሊቅ ራስ ውስጥ ባንድ ቀን ተፈጥሮ አያልቅም። አንድ ሰው በዕቃው ሲቸገር ሌላው ችግሩን አይቶ ያርመዋል፤ እርማቱም የራሱን ጉድለት ይዞ ይመጣል፤ እንዲሁ እየተባለ ከእጃችን ይደርሳል። ቁም ጸሐፊዎቻችን ቀንዱን በመሬት ሲተክሉ በዚህ ሥራ ተካፋዮች ነበሩ። እኛ የዛሬ ተማሪዎች ግን ሌላው ያረመውን ገዝተን መጠቀም ብቻ ለምደናል። ዕቃው ሲያስቸግረን «ልማዱ ነው» ብለን እናልፈዋለን፤ ጋዜጠኛው ቢሮ ግን አላለፈውም።

ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ተማሪዎች፣ ከምትቀመጡበት ዴስክ፣ ከምትሸከሙት ቦርሳ፣ እናቶቻችን ከሚያነድዱት ምድጃ ጀምራችሁ «ይህ ዕቃ የሚያስቸግረው ማንን ነው?» ብላችሁ እንድትጠይቁ አደራ እንላለን። አሮጌውን ዴስክ ጠርገን በበዓሉ ትርኢት መግቢያ ላይ አቁመነዋል፤ በቀዳዳውም ውስጥ አንድ የቀለም ቢልቃጥ አስቀምጠንበታል። እኚያ አረጋዊም ለበዓሉ ተጠርተዋል፤ ሲመጡ በዚያ ዴስክ ላይ ተቀምጠው በእንግዶች መዝገብ ላይ በመጀመሪያ ስማቸውን እንዲጽፉልን እንለምናቸዋለን፤ በዚህ ጊዜ ቀለሙ አይፈስባቸውም።