ፍራንሲስ ንጋኑ ከዴሪክ ሉዊስ

የፍራንሲስ ንጋኑ እና የዴሪክ ሉዊስ ፍልሚያ እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2018 (ሰኔ 30 ቀን 2010 ዓ.ም.) በአሜሪካ ላስ ቬጋስ ከተማ፣ ቲ-ሞባይል አሬና በተባለው አዳራሽ የተካሄደ የከባድ ሚዛን የቅይጥ ማርሻል አርት ግጥሚያ ነው። የተካሄደው ዩኤፍሲ 226 በተሰኘው ዝግጅት ላይ፣ ከዋናው ፍልሚያ አስቀድሞ ነበር። በሰዓት ልዩነቱ ምክንያት በኢትዮጵያ ጊዜው እሁድ ሐምሌ 1 ቀን ማለዳ ነበር። ሁለቱም ተፋላሚዎች ተጋጣሚያቸውን በዝረራ በማሸነፍ የታወቁ ስለነበሩ ግጥሚያው ሳይቆይ ያበቃል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። ይሁን እንጂ 15 ደቂቃውን ሙሉ ዘልቆ፣ ሁለቱ ተደምረው 31 ጉልህ ምቶችን ብቻ አሳርፈው፣ ሉዊስ በነጥብ አሸንፏል። ግጥሚያው እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው ሁለት ኃይለኛ መቺዎች ሲገናኙ ዝረራ አይቀሬ ነው የሚለው ግምት የት ላይ እንደሚሳሳት በግልጽ ስለሚያሳይ ነው።

የስፖርቱ ደንብ

ቅይጥ ማርሻል አርት ቦክስን፣ ኪክቦክስን፣ ትግልን፣ ጁዶንና የብራዚል ጁጂትሱን በአንድ ሜዳ የሚያገናኝ የፍልሚያ ስፖርት ነው። ተፋላሚው በቡጢ፣ በእግር፣ በጉልበትና በክርን መምታት፣ ተጋጣሚውን መሬት ላይ መጣል፣ አንገቱን በማነቅ ወይም መገጣጠሚያውን በመጠምዘዝ እጅ እንዲሰጥ ማስገደድ ይችላል። በከባድ ሚዛን የሚወዳደሩት ክብደታቸው ከ93 ኪሎ ግራም በላይ ሆኖ ከ120 ኪሎ ግራም ገደማ ያልበለጠ ነው። መደበኛ ግጥሚያ እያንዳንዳቸው 5 ደቂቃ የሆኑ 3 ዙሮች አሉት፤ የሻምፒዮንነት ግጥሚያ ደግሞ 5 ዙር ነው።

ተፋላሚው ራሱን ስቶ ሲወድቅ ውጤቱ ዝረራ (ናክአውት) ይባላል። ራሱን ባይስትም መከላከል አቅቶት ዳኛው ግጥሚያውን ሲያስቆም ደግሞ ቴክኒካዊ ዝረራ ይባላል። ግጥሚያው ሳይቋረጥ ካለቀ ሦስት ዳኞች በየዙሩ በሰጡት ነጥብ ይወሰናል፤ የዙሩ አሸናፊ 10፣ ተሸናፊው አብዛኛውን ጊዜ 9 ነጥብ ያገኛል። በዚህ አሠራር አንድ ዙር ምንም ያህል ቀዝቃዛ ቢሆን፣ በጥቂት ምቶች የበለጠው ተፋላሚ ዙሩን ሊወስድ ይችላል።

ዝረራ የሚከሰተው በቡጢው ክብደት ብቻ አይደለም። አገጭን ወይም መንጋጋን ከጎን ያገኘ ምት ጭንቅላትን በድንገት ያዞረዋል፤ አንጎል በራስ ቅል ውስጥ ይናወጥና ሥራው ለጊዜው ይታወካል። ተመቺው ምቱን አይቶ አንገቱን ካጠነከረ ጉዳቱ ሊቀንስ ይችላል፤ ያላየው ምት ግን ቀለል ያለ ቢሆንም ሊጥለው ይችላል። የቅይጥ ማርሻል አርት ጓንት ክብደቱ 110 ግራም ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ ከቦክስ ጓንት ይልቅ በትንሽ ክፍተት ሾልኮ ለመግባት ይመቻል።

ተፋላሚዎቹ

ፍራንሲስ ንጋኑ እ.ኤ.አ. በ1986 በካሜሩን ባቲዬ መንደር ተወለደ። በልጅነቱ በአሸዋ ማውጫ ውስጥ በጉልበት ሥራ ተሰማርቶ ነበር። በ2012 አገሩን ለቆ በሞሮኮ በኩል ወደ አውሮፓ ተሰደደ፤ ስፔን እንደደረሰም ታስሮ ነበር። በ2013 ፓሪስ ሲገባ ማደሪያ ስላልነበረው ጎዳና ላይ ያድር ነበር። የመጣው ቦክሰኛ ለመሆን ቢሆንም፣ እዚያው ፓሪስ ውስጥ ከአሠልጣኝ ፈርናንድ ሎፔዝ ጋር ተገናኝቶ ቅይጥ ማርሻል አርትን ጀመረ። በዲሴምበር 2015 ዩኤፍሲን ከተቀላቀለ በኋላ 6 ግጥሚያዎችን በተከታታይ ሲያሸንፍ 5ቱ በዝረራ ወይም በቴክኒካዊ ዝረራ የተጠናቀቁ ነበሩ። በ2017 በዩኤፍሲ ማሠልጠኛ ማዕከል በተደረገ የቡጢ ኃይል ልኬት 129,161 ነጥብ አስመዝግቦ በወቅቱ የክብረ ወሰን ባለቤት ተብሏል።

ዴሪክ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ ኒው ኦርሊንስ ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ሂዩስተን አካባቢ ነው። በወጣትነቱ ታስሮ ከተፈታ በኋላ ቦክስ የሠለጠነው በቀድሞው የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን በጆርጅ ፎርማን ጂም ነበር። ዩኤፍሲን የተቀላቀለው በ2014 ነው። ረጅም ጊዜ ታግሶ ጠብቆ በአንድ ኃይለኛ ምት ግጥሚያውን መቀልበስ መለያው ነው። በፌብሩዋሪ 2017 ትራቪስ ብራውን ሆዱን በእርግጫ መትቶ ሲያስጨንቀው ከቆየ በኋላ በሁለተኛው ዙር ብራውንን ዘርሮታል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሉዊስ በዩኤፍሲ ታሪክ ብዙ የዝረራ ድል ያስመዘገበ ተፋላሚ ለመሆን በቅቷል።

ንጋኑ ቁመቱ 193 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ሁለት እጆቹ ሲዘረጉ 211 ሴንቲ ሜትር ይደርሳሉ። ሉዊስ 191 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው፤ የእጆቹ ዝርጋታ 201 ሴንቲ ሜትር ነው። ወደ ግጥሚያው ሲገቡ ንጋኑ 11 ድልና 2 ሽንፈት፣ ሉዊስ 19 ድልና 5 ሽንፈት ነበራቸው።

ከፍልሚያው በፊት የነበረው ግምት

ቅድሚያ ግምት የተሰጠው ለንጋኑ ነበር። ለዚህም ሦስት ምክንያቶች ይቀርቡ ነበር። አንደኛ፣ እስከዚያ ድረስ ካገኛቸው 11 ድሎች አንዱም ዳኞች ነጥብ እስኪቆጥሩ አልቆየም። ሁለተኛ፣ በእጅ ርዝመት በ10 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ሦስተኛ፣ በጃንዋሪ 20 ቀን 2018 በሻምፒዮኑ ስቲፔ ሚዮቺች የተሸነፈው በአብዛኛው በትግል ነበር፤ ሚዮቺች እየደጋገመ መሬት ላይ ጥሎ አድክሞት በ5 ዙር 50 ለ 44 አሸንፎታል። ሉዊስ ደግሞ ዋና መሣሪያው ቡጢ እንጂ ትግል ስላልሆነ ንጋኑ ያው ችግር አይገጥመውም ተብሎ ታሰበ።

ለሉዊስ የሚከራከሩት ደግሞ ትዕግሥቱንና ምት ችሎ መቆየቱን ያነሱ ነበር። በሌላ በኩል የጀርባ ሕመም እንደነበረበትና ግጥሚያ ሲረዝም ቶሎ እንደሚደክም ይታወቅ ነበር።

ሁለቱም ወገኖች የተስማሙበት ነጥብ አንዱ ሌላውን መዘረሩ እንደማይቀር ነበር። ይህ ግምት ግን የተፋላሚዎቹን ያለፈ ውጤት እንጂ ውጤቱ የተገኘበትን መንገድ አላየም። ንጋኑ በዲሴምበር 2017 አሊስተር ኦቨሪምን የዘረረው ኦቨሪም ለመምታት ሲጠጋው፣ ግራ እጁን ከታች ወደ ላይ ወርውሮ ነበር። ሉዊስም በአብዛኛው የሚያሸንፈው ተጋጣሚው ሲሳሳት ጠብቆ ነው። ሁለቱም ቀድሞ የሚገባውን የሚቀጡ ስለነበሩ ቀድሞ መግባት ለማንኛቸውም አደገኛ ነበር።

የፍልሚያው ሂደት

በመጀመሪያው ዙር ሁለቱም በመሃላቸው ሰፊ ርቀት ጠብቀው በመተያየት አብዛኛውን ጊዜ አሳለፉ። አልፎ አልፎ እግር ይሰነዘር ነበር፤ ተከታታይ ቡጢ ግን አልታየም። ተመልካቹ ብዙም ሳይቆይ በጩኸት ተቃውሞውን መግለጽ ጀመረ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዙር ሉዊስ በመጠኑ ተሽሎ ምቶችን ሲሰነዝር፣ ንጋኑ ተጋጣሚው እስኪገባለት መጠበቁን ቀጠለ። በ15 ደቂቃ ውስጥ ሉዊስ 20፣ ንጋኑ 11 ጉልህ ምቶችን አሳረፉ። ሦስቱም ዳኞች አሸናፊነቱን ለሉዊስ ሰጡ።

ንጋኑ ከግጥሚያው በኋላ በሰጠው መግለጫ በሚዮቺች ከተሸነፈ ወዲህ ያደረበትን ፍርሃት ይዞ መግባቱን አምኗል። በዚያ ሽንፈት ጉልበቱን በመጀመሪያው ዙር አሟጥጦ ቀሪዎቹን ዙሮች በድካም አሳልፎ ነበር። ስለዚህ በሉዊስ ላይ ያሳየው ቁጥብነት ከሁለት ነገር የመጣ ነበር ማለት ይቻላል፤ አንዱ የሉዊስ ቡጢ፣ ሌላው የራሱ ድካም ትዝታ ነው።

ተመሳሳይ ግጥሚያ፣ የተለየ ውጤት

እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 2020 (ግንቦት 1 ቀን 2012 ዓ.ም.) ንጋኑ ሌላ ኃይለኛ መቺ ገጠመ። ተጋጣሚው ጃይርዚኞ ሮዘንስትራይክ የሱሪናም ኪክቦክሰኛ ሲሆን እስከዚያ ቀን በቅይጥ ማርሻል አርት ሽንፈት አያውቅም ነበር። ግጥሚያው የተካሄደው በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተመልካች በሌለበት በጃክሰንቪል ከተማ ነበር። በዚህ ጊዜ ንጋኑ አልጠበቀም፤ ግራና ቀኝ እጁን እያፈራረቀ ወደ ፊት ሮጦ ሮዘንስትራይክን ከአጥሩ ጋር አጣብቆ በ20 ሰከንድ ዘረረው።

በሁለቱ ግጥሚያዎች የንጋኑ የቡጢ ኃይል ያው ነበር፤ የተለየው ቀድሞ ለመግባት መድፈሩ ነው። በዚህ ምክንያት የሁለት መቺዎችን ግጥሚያ አስቀድሞ ለመገመት የዝረራ ቁጥራቸውን ከመደመር ይልቅ፣ ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ማን ጠብቆ እንደሚመታና ግጥሚያው ከረዘመ ትንፋሹ ለማን እንደሚበቃ መጠየቅ ይጠቅማል።

የአደጋው ገጽታ

ተፋላሚዎች ከምት መሸሻቸው ለተመልካች አሰልቺ ቢሆንም የሚሸሹት አደጋ እውነተኛ ነው። በተደጋጋሚ ጭንቅላትን መመታት ከዓመታት በኋላ የማስታወስ ችሎታንና ጠባይን ከሚያውክ የአንጎል በሽታ ጋር ይያያዛል። የንጋኑና የሉዊስ ፍልሚያ ራሱ በዝግጅቱ ሁለተኛ ቦታ ያገኘው፣ ለቦታው ታስቦ የነበረው ማክስ ሆሎዌይ የጭንቅላት መናወጥ የሚመስሉ ምልክቶች ታይተውበት በዋዜማው ቀናት ከውድድር በመውጣቱ ነበር።

ከፍልሚያው በኋላ

ሉዊስ በኦክቶበር 2018 አሌክሳንደር ቮልኮቭን በነጥብ እየተመራ ሳለ፣ ግጥሚያው ሊያልቅ 11 ሰከንድ ሲቀረው ዘረረው። በቀጣዩ ወር ለሻምፒዮንነት ከዳንኤል ኮርሚዬ ጋር ተጋጥሞ በሁለተኛው ዙር ታንቆ እጅ ሰጠ።

ንጋኑ ከርቲስ ብሌይድስን በ45 ሰከንድ፣ ኬን ቬላስኬዝን በ26 ሰከንድ፣ ጁኒየር ዶስ ሳንቶስን በ1 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። ከሮዘንስትራይክ ቀጥሎ በማርች 27 ቀን 2021 (መጋቢት 18 ቀን 2013 ዓ.ም.) ሚዮቺችን በድጋሚ ገጠመው። በዚያ ግጥሚያ ሚዮቺች ሊጥለው ሲሞክር ከለከለ፤ ጉልበቱንም ቆጥቦ በሁለተኛው ዙር 52ኛ ሰከንድ ላይ ዘርሮ ሻምፒዮን ሆነ። በዚያን ጊዜ የዩኤፍሲ ሻምፒዮን ከነበሩት መካከል ከናይጄሪያ የተወለዱት ካማሩ ኡስማንና ኢዝራኤል አደሳኛም ስለነበሩ፣ በአፍሪካ የተወለዱ ሦስት ተፋላሚዎች በአንድ ወቅት ቀበቶ ይዘው ታይተዋል። ንጋኑ በ2023 ዩኤፍሲን ለቆ በዚያው ዓመት ኦክቶበር በሪያድ ከቦክስ ከባድ ሚዛን ሻምፒዮኑ ታይሰን ፊውሪ ጋር ተጋጠመ፤ በሦስተኛው ዙር ፊውሪን መሬት ላይ ቢጥለውም በተከፋፈለ የዳኞች ነጥብ ተሸንፏል።