የሽቦው ሰው የት ሄደ?

የቢሮ አማርኛችን ድሮ የራሱ የሆኑ የማሰናበቻ ቃላት ነበሩት። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ማኅተም ያዡ ለቅሶ ሄዷል»፣ «ፋይሉ ከመዝገብ ቤት አልወጣም»፣ «ነገ ተመለስ»። እነዚህ ሁሉ ቢያናድዱም አንድ ደግ ነገር ነበራቸው፤ ከኋላቸው ሰው ነበረ። ኃላፊው ከስብሰባ ይወጣሉ፤ ማኅተም ያዡ ከለቅሶ ይመለሳል፤ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ቢለመን ፋይሉን ያወጣል። ካስፈለገም ሽማግሌ ይላካል። ከጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ወዲህ ግን እነዚህን ሁሉ ጠቅልሎ የዋጠ አንድ ዐረፍተ ነገር መጣ፤ «ሲስተም የለም»። ሲስተም ለቅሶ አይሄድ፣ ስብሰባ አይቀመጥ፣ ሽማግሌ አይላክበት።

እስቲ ወደ ሽንዲ እንሂድ። ሽንዲ የወንበርማ ወረዳ ከተማ ናት። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ፣ ከቡሬ ደግሞ ወደ ምዕራብ ታጥፎ ይደረስባታል። በቆሎና በርበሬ የሚያበቅል ሀገር ነው። እንበልና አንድ ሽማግሌ ገበሬ የመሬት ኪራይ ውል ለማስመዝገብ ሌሊት ተነሥተው ከቀበሌያቸው በእግር ይመጣሉ። ተከራዩንም ምስክሮቹንም ይዘው ነው የሚመጡት። አራት ሰው የአንድ ቀን ሥራውን ትቷል ማለት ነው። ቢሮ ሲደርሱ ልጁ ቀና ብሎ እንኳን ሳያይ «አባባ፣ ዛሬ ሲስተም የለም» ይላቸዋል። «ሲስተም ማን ነው ልጄ? መቼ ነው የሚመጣ?» ቢሉት ይፈረድባቸዋል? አይፈረድም። እንዲያውም ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነው። ሲስተም ማን ነው? ሲጠፋስ ፈልጎ የሚያመጣው ማን ነው?

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንነሣ።

ሩቅ ያለውን ሰው በሽቦ ማነጋገር ለኛ ሀገር እንግዳ ነገር አይደለም። ዐፄ ምኒልክ ከሐረር አዲስ አበባ የሚደርሰውን የስልክ መስመር ማዘርጋት የጀመሩት በፈረንጆች 1894 ነው፤ በኛ 1887 ዓ.ም. ገደማ መሆኑ ነው። ርዝመቱ 477 ኪሎ ሜትር ነበር። በዘመኑ «ይሄ የሰይጣን ሥራ ነው» ያሉ እንደነበሩ ሲነገር ኖሯል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ አዲስ አበባን ከአሥመራ ያገናኘው የቴሌግራፍ መስመር ተዘረጋ። በፈረንጆች 1952 የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በአዋጅ ተቋቋመ፤ ስልክም ቀስ በቀስ ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ ከተሞች ወጣ።

የሽቦ ነገር ሁልጊዜም አስቸጋሪ ነው። ምሰሶ በምስጥ ይበላል፣ በነፋስ ይወድቃል፤ ሽቦ ይበጠሳል፣ ይሰረቃል። ታዲያ የዚያ ዘመን አሠራር አንድ ብልሃት ነበረው፤ የሽቦው ሰው። መስመሩ ሲቋረጥ ስልክ ቤት ያለው ሰው «ስልክ የለም» ብሎ ተኝቶ አያድርም። ወዲህኛው ጣቢያ ይሰማል? ወዲያኛውስ? እያለ ይጠይቃል። በየትኛውና በየትኛው ጣቢያ መካከል እንደተቋረጠ ይለያል። ከዚያ መስመር ሠራተኛው ገመዱን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ መውጫ ብረቱን እግሩ ላይ አስሮ፣ ሽቦውን ተከትሎ ይሄዳል። የተበጠሰው ቦታ ሲደርስ ምሰሶው ላይ ይወጣና ይቀጥለዋል። ዛሬ የኮምፒውተር ሰዎች በትልልቅ መጻሕፍት የሚያስተምሩት የብልሽት ፍለጋ ጥበብ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ኮምፒውተርን ከኮምፒውተር ማገናኘትም ሲጀመር ጀምሮ በመቋረጥ ነው የተጀመረው። በአሜሪካ ጥቅምት 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ሌሊት፣ ማለትም በፈረንጆች ኦክቶበር 29 ቀን 1969፣ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ የነበረ ቻርሊ ክላይን የተባለ ተማሪ ስታንፎርድ ወዳለው ኮምፒውተር «ሎግኢን» የሚለውን ቃል መላክ ጀመረ። የመጀመሪያዋን ፊደል ጻፈ፤ ደረሰች። ሁለተኛዋን ጻፈ፤ ደረሰች። ሦስተኛው ላይ ወዲያኛው ኮምፒውተር ወደቀ። የዛሬው ኢንተርኔት ቅድመ አያት የሆነው መረብ የመጀመሪያ መልእክት ሁለት ፊደል ብቻ ነበር። በሌላ አነጋገር «ሲስተም የለም» ከኢንተርኔት እኩል ተወልዷል። ልዩነቱ ግን ሰዎቹ «ነገ ተመለስ» ተባብለው አልተለያዩም። ምን እንደጣለው ፈልገው አገኙና በዚያችው ሌሊት፣ ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ፣ ሙሉ ቃሉ ገባ።

ወደኛ እንመለስ። ኢሜይል አዲስ አበባ የደረሰው ከኢንተርኔት በፊት ነው። በፈረንጆች 1990ዎቹ መጀመሪያ የአፍሪካ ኢኮኖሚክ ኮሚሽን ውስጥ ያለ አንድ ፕሮጀክት በስልክ መስመር እየደወለ መልእክት ያመላልስ ነበር። መደበኛው የኢንተርኔት አገልግሎት የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ስኩልኔትና ወረዳኔት መጡ። ስኩልኔት በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተሰቀለውን ፕላዝማ ቴሌቪዥን አመጣ፤ ወረዳኔት በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ግቢ የሳተላይት ሳህን ተከለ። የወረዳው አስተዳዳሪ መንገድ ሳይወጣ ከአዲስ አበባ ጋር ፊት ለፊት እየተያየ መሰብሰብ ቻለ። ሳህኑ ተተከለ፣ ኮምፒውተሩ ተገዛ፣ ሪባኑ ተቆረጠ። የሽቦው ሰው ግን ተረሳ።

በአማራ ክልል የገጠር መሬት ምዝገባም የተስፋፋው በዚያው ሰሞን፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። መጀመሪያ ይዞታው በወረቀት ባሕር መዝገብ ላይ ሰፈረ፤ ገበሬውም ደብተር ተቀበለ። እያደር ባሕር መዝገቡ ወደ ኮምፒውተር መግባት ጀመረ። መልካም ነው። ወረቀት ይቀደዳል፣ በአይጥ ይበላል፣ በጉቦም ገጽ ይገነጠላል። ነገር ግን አንድ የመሬት ጽሕፈት ቤት መዝገቡን ሰርቨር ውስጥ ባስገባ ቀን የገበሬው መብት በአንዲት ቀጭን ገመድ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

አሁን ቢሮው ውስጥ እንግባ። ሰርቨር የሚባለው ነገር መዝገብ ቤት ነው፤ ፋይሉ ሁሉ እሱ ዘንድ ይቀመጣል። ስዊች የምትባለው ብዙ ቀዳዳ ያላት ሣጥን ተላላኪ ናት፤ ከየጠረጴዛው ጥያቄ ተቀብላ ወደ መዝገብ ቤት ትወስዳለች፣ መልሱን ታመጣለች። ገመዱ ኮሪደሩ ነው። «ሰርቨሩ አልገናኝ አለ» ሲባል እንግዲህ ከነዚህ ከሦስቱ አንዱ ታሟል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ገንዘብ አያስወጣም፤ «አንተ ብቻ ነህ ወይስ ሁላችሁም?» አንድ ኮምፒውተር ብቻ ከሆነ በሽታው እሱው ዘንድ ነው። ገመዱ የሚሰካበት ቦታ ያለችው ትንሽ መብራት ትበራለች? ካልበራች ገመዱ ተነቅሏል፣ ወይ በወንበር እግር ተረግጧል፣ ወይ አይጥ ቀምሶታል። የሚይዘው የፕላስቲክ ምላስ ተሰብሮ ጠረጴዛ በተነካ ቁጥር የሚወልቅም ብዙ ነው። ሁሉም ከሆነ ደግሞ ስዊቿንና ሰርቨሩን እይ። አንዳንድ ቢሮ ስዊቿ ከቡና ማፍያው ምድጃ ጋር አንድ ማከፋፈያ ላይ ተሰክታ ትገኛለች። ቡና በተፈላ ቁጥር «ኔትወርክ ይቆራረጣል»። መብራት ሄዶ ሲመጣም እንዲሁ ነው። ትንንሾቹ ኮምፒውተሮች ቶሎ ይነሡና ሰርቨሩን ይፈልጋሉ፤ እሱ ገና አልነቃም። «የለም» ይላሉ። ዐሥር ደቂቃ ታግሦ መልሶ ማስነሣት በቂ ነበር።

መብራቱም በርቶ አልገናኝ ካለ አድራሻ ይታያል። እያንዳንዱ ኮምፒውተር እንደ ቤት ቁጥር ያለ የራሱ ቁጥር አለው። አንዱ ባለሙያ በእጁ ይጽፈዋል፣ ሌላው ሳያውቅ ያንኑ ለሌላ ይሰጣል። ሁለት ቤት አንድ ቁጥር ሲይዙ ፖስተኛው ግራ ይገባዋል፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይጠፋል።

ከሁሉ የሚያስቀው ግን የዐሥራ አንደኛው ሰው ነገር ነው። በፈረንጆች 2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ፣ የቢሮው ዓይነት ማለት ነው፣ በአንድ ጊዜ ከዐሥር በላይ ኮምፒውተር እንዲያስተናግድ አልተፈቀደለትም። የቤቱ ዓይነትማ አምስት ብቻ ነው። እውነተኛ የሰርቨር ሶፍትዌር ውድ ነውና ተራ ኤክስፒ ያለው ኮምፒውተር «ሰርቨር» ተብሎ የተሾመበት ቢሮ ሞልቶ ነበር። ጠዋት ቀድመው የገቡት ዐሥሩ ይሠራሉ፤ አርፍዶ የመጣው ዐሥራ አንደኛው «ኮምፒውተሬ ተበላሽቷል» ይላል። ኮምፒውተሩ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ዊንዶውሱ ዳግመኛ ይጫናል፤ ምንም የለም። በሽታው የወንበር ማነስ ነበር።

ሌላም አለ። የማይክሮሶፍት ሰርቨር ዐሥራ አምስት ደቂቃ ሥራ የፈታን እንግዳ ራሱ ያሰናብታል፤ ልማዱ ነው። ሠራተኛው ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ በሰርቨሩ ፎልደር ምልክት ላይ ቀይ መስቀል ያያል፤ «በቃ፣ ሲስተም ሄደ» ይላል። ሁለቴ ቢጫነው ይከፈትለት ነበር። በ2001 ዓ.ም. ኅዳር ግድም የታወቀው ኮንፊከር የሚሉት ቫይረስም በፍላሽና በኔትወርክ እየተዛመተ የስንቱን ቢሮ መስመር አጨናንቋል።

ይህን ሁሉ ለመለየት አንዲት ትንሽ መሣሪያ አለች። ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ በፈረንጆች 1983 መጨረሻ ሠራትና «ፒንግ» አላት፤ ሰርጓጅ መርከቦች ድምፅ ልከው ማስተጋባቱን ከሚያዳምጡበት ዘዴ የተወሰደ ስም ነው። «አለህ?» ብላ ትልካለች፤ ያለው «አለሁ» ይላል። መጀመሪያ ራስህን፣ ቀጥሎ ጎረቤትህን፣ ቀጥሎ ሰርቨሩን፣ በመጨረሻ ውጭውን ትጠይቃለህ። መልሱ የቆመበት ቦታ ብልሽቱ ያለበት ቦታ ነው። የድሮው ስልከኛ ከጣቢያ ጣቢያ ሲጠይቅ የነበረውን ነው የምትሠራው።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን ያስፈልጋል። ብልሽት ሁሉ ጠረጴዛ ሥር አይደለም። መንገድ ሲቆፈር የተበጠሰን ፋይበር የቢሮ ባለሙያ አይቀጥለውም። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋና ለወራት ሳይመለስ ቆየ። ያን ጊዜ ሲስተም የለም ያለ ሠራተኛ አልዋሸም። ገመዱ በሌላ እጅ ነበር፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ነጋዴው፣ ተማሪውና ልጁ ውጭ ሀገር ያለባት እናት ናት።

ነገር ግን ልብ በሉ! የውጭው መስመር ሲቋረጥ እዚያው ግቢ ውስጥ ያለው ሰርቨር መቋረጥ የለበትም። መዝገቡ ከባለጉዳዩ ሃያ እርምጃ ርቀት ላይ ነው። «ሲስተም የለም» የምትለው አንዲት ቃል ግን የተነቀለውን ገመድ፣ የጠፋውን መብራት፣ የተቆረጠውን ፋይበርና የባለሥልጣንን ትእዛዝ አንድ ላይ ታጠቃልላቸዋለች። ክፋቷ እሱ ነው። ሁሉን ነገር አንድ ስም ከሰጠነው ማንም ተጠያቂ አይሆንም። ሩቅ ያለውን ማማረር ቀላል ነው፤ ጠረጴዛ ሥር ማጎንበስ ግን ጉልበት ያሻል።

መፍትሔው ከባድ ሆኖ አይደለም። በየጽሕፈት ቤቱ የሽቦው ሰው ይሾም። ዲግሪ ሳይሆን ኃላፊነት ያለው፣ ስሙ በር ላይ የተጻፈ። የትኛው ገመድ ወደየት እንደሚሄድና የትኛው ኮምፒውተር ምን ቁጥር እንዳለው በአንድ ወረቀት ይጻፍና ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ሲበላሽ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደተደረገ በደብተር ይመዝገብ፤ የዛሬው ባለሙያ ነገ ተዛውሮ ይሄዳልና። ሰርቨሩ ሲጠፋም ጉዳዩ በወረቀት ተቀብሎ፣ ተፈርሞበትና ቁጥር ተሰጥቶት ሲስተሙ ሲመጣ ይግባ። አራት ሰው በከንቱ አይመለስም። ለባለጉዳዩም እውነቱ ይነገረው፤ «ስዊቿ ተበላሽታለች፣ የሚጠግናት እገሌ ነው፣ እስከ ስምንት ሰዓት ይጠብቁን»። እንዲህ የተባለ ሰው ቢጠብቅም አይናደድም፤ የሚጠብቀውን ያውቃልና።

አበው ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ። እውነት ነው፣ ኔትወርክ ማለትም ድር ማለት ነው። ግን ሸረሪት እንኳን ድሯ በተበጠሰ ቁጥር ወርዳ ትቀጥላለች። ምኒልክ ሽቦ ካዘረጉ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖናል። መዘርጋቱን ለምደነዋል፤ የሚቀረን መቀጠሉን መልመድ ነው።