የእጨጌ ዕንባቆም ትዕግሥት

ባለፈው ሰሞን ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ተቀምጬ ሳለሁ፥ በጦርነት ምክንያት ከቀዬው ተፈናቅሎ ወደ ከተማችን የመጣ አንድ ጎልማሳ ቀርቦ፥ «የኔታ፥ ሰው ሁሉ ታገሥ ይለኛል። ትዕግሥት ማለት የሚመጣውን ሁሉ ዝም ብሎ መቀበል ነውን? ቤቴ ሲቃጠል ዝም አልሁ፤ ከብቴ ሲነዳ ዝም አልሁ፤ ነገር ግን በልቤ ሰላም አላገኘሁም» ሲል ጠየቀኝ። እኔም እንደ ልማዴ ስለ ጻድቁ ኢዮብ ጥቂት ቃል ነግሬ አሰናበትሁት። ሰውየውም እጅ ነሥቶ ሄደ፤ ፊቱ ግን እንደ መጣ ነበረ። መልሴ የችኮላ መልስ መሆኑን ያወቅሁት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ዕዳዬን እከፍል ዘንድ፥ ከሀገራችን ታሪክ መከራን አይተው ሰላምን ያላጡትን አንድ አባት መርጬ ነገራቸውን እተርካለሁ። እኒህም አባት የደብረ ሊባኖስ ዐሥራ አንደኛው እጨጌ አባ ዕንባቆም ናቸው።

አባ ዕንባቆም በትውልዳቸው ኢትዮጵያዊ አልነበሩም። ከየመን የመጡ፥ አስቀድመውም በእስልምና ያደጉ ሰው ነበሩ። ቁርኣንን ሲመረምሩ ስለ ክርስቶስ የሚናገረውን ቃል አግኝተው ልባቸው ተነካ፤ ወደ ሀገራችንም ከገቡ በኋላ ብዙ ጠይቀውና ተከራክረው አመኑ፥ ተጠመቁ፥ መነኰሱም። የአባቶቻቸውን ቋንቋ ዐረብኛን ሳይጥሉ ግዕዝን ተማሩ፤ ሁለቱንም ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት አደረጉ። በ1515 ዓ.ም. ዮሐንስ አፈ ወርቅ ወደ ዕብራውያን ሰዎች የተላከውን መልእክት የተረጐመበትን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱ። ይህ መልእክት የተጻፈው ገንዘባቸው ለተዘረፈባቸው፥ ስለ ሃይማኖታቸውም ለተሰደቡ ሰዎች መሆኑን የሐዲስ መምህራን ያውቃሉ። አባ ዕንባቆም ያን መጽሐፍ በሰላም ወራት ሲመልሱ፥ ከስድስት ዓመት በኋላ ሀገሩ ሁሉ የዚያ መልእክት ተቀባይ እንደሚሆን አላወቁም ነበር። ገበሬ ክረምት ሳይገባ ቤቱን እንደሚከድን፥ እርሳቸውም መከራው ሳይመጣ የመከራውን ስንቅ አሰናዱ።

የፊተኛው ፈተናቸው ግን ከጠላት አልመጣም፤ ከወገን መጣ እንጂ። እጨጌ ሆነው ከተሾሙ በኋላ በዐፄ ልብነ ድንግል ፊት በሐሰት ተከሰሱና ተጋዙ። ኋላም ከግዞት ተፈቱ። በባዕድ እጅ መጐዳት ከባድ ነው፤ በገዛ ቤት መጠርጠር ግን ከዚያ ይልቅ ያቈስላል፤ ይልቁንም ለሀገሩ እንግዳ ሆኖ ለመጣ ሰው። እርሳቸው ግን የተሰጣቸውን እምነት በሰዎች በደል አልለወጡትም።

በመጋቢት ወር 1521 ዓ.ም. ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም፥ ሕዝቡ ግራኝ የሚለው፥ በሽምብራ ኩሬ የንጉሠ ነገሥቱን ጦር ድል አደረገ። ከዚያ ወዲያ ሀገሩ ተፈታ። በ1523 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ፤ መነኮሳቱ ቤተ ክርስቲያናቸውን በገንዘብ ለመዋጀት ለመኑ፥ ነገር ግን አልሆነላቸውም። ከመነኮሳቱም ከገዳማቸው ተለይተው መኖርን ጠልተው ወደ እሳቱ የገቡ እንዳሉ የኢማሙ ታሪክ ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ ራሱ ጽፎታል። ዐፄ ልብነ ድንግልም ከተራራ ወደ ተራራ ሲሳደዱ ኖረው፥ በ1533 ዓ.ም. በመስከረም ወር በገመድ በሚወጣው በደብረ ዳሞ ዐረፉ።

አባ ዕንባቆም በዚያ ዘመን ወደ ጋፋት ሀገር ተሰደው ነበር። ንጉሡ ስደተኛ፥ ገዳሙ ዐመድ፥ መነኮሳቱ የተበተኑ፥ እርሳቸውም በሽምግልና ዕድሜ ላይ ነበሩ። እንዲህ ባለው ሰዓት ሰው ወይ ይራገማል፥ ወይ ዝም ይላል። እርሳቸው ግን ብዕር አነሡ። በ1532 ዓ.ም. አካባቢ ለኢማም አሕመድ «አንቀጸ አሚን» የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። በዚያም አብያተ ክርስቲያናትን ከማቃጠልና ሕዝቡን ከማጥፋት እንዲመለስ፥ ኢማሙ ራሱ ከሚያከብረው መጽሐፍ፥ ከቁርኣን እየጠቀሱ ተከራከሩት። የጠላትን ልብ በስድብ ሳይሆን እርሱ በሚያምነው ቃል ፈለጉት። ይህን ለማድረግ አንድ ነገር ያስፈልጋል፤ ጠላቴ የምለው ሰው የሚሰማ ጆሮ፥ የሚፈራውም አምላክ አለው ብሎ ማመን ያስፈልጋል። ቂም የያዘ ሰው ይህን ሊያምን አይችልም።

የቅኔ ልጆች ሆይ፤ የመጽሐፉን ስም ልብ በሉ። «አንቀጽ» ማለት የመጽሐፍ ክፍል ነው፤ ደግሞም ደጅ ማለት ነው። የአብያተ ክርስቲያናት ደጅ በእሳት በሚወድቅበት ወራት አባ ዕንባቆም እሳት የማይደርስበት ደጅ አቆሙ፤ ያንም ደጅ ለሚያቃጥለው ሰው ሳይቀር ክፍት አደረጉት።

ስማቸውም ያለ ምክንያት አልወጣላቸውም። ነቢዩ ዕንባቆም ግፍን ባየ ጊዜ ዝም አላለም፤ እስከ መቼ ብሎ እግዚአብሔርን ጠየቀ። ጠይቆም አልሸሸም፤ በመጠበቂያው ላይ ቆሞ መልስ ጠበቀ። መልሱም ራእዩ ቢዘገይ እንዲጠብቀው፥ ጻድቅም በእምነቱ እንዲኖር የሚያዝዝ ነበረ። በመጨረሻም በለሱ ባያፈራ፥ በረቱም ባዶ ቢሆን፥ በአምላኩ ደስ እንደሚለው ተናገረ። ይህን ጸሎት ከዳዊት ጋር በጸሎተ ነቢያት እንደግመዋለን፤ ነገር ግን የነቢዩ መጽሐፍ በእሮሮ ተጀምሮ በዚህ ምስጋና የሚፈጸም መሆኑን ስንቶቻችን አስተውለናል? እሮሮውን የዘለለ ሰው ምስጋናውን ከከንፈሩ በቀር አያገኘውም።

ደብዳቤው ጦርነቱን አላስቆመም። ጦርነቱ የቆመው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ በየካቲት ወር 1535 ዓ.ም.፥ ኢማሙ በወይና ደጋ በወደቀ ጊዜ ነው። ስለዚህ የአባ ዕንባቆም ድካም ከንቱ ሆነ የሚል ይኖራል። ዳሩ ግን ድል ከተገኘ በኋላ የቀረውን ሥራ እንመልከት። ሰይፍ ፈርተው ሃይማኖታቸውን የለወጡ እጅግ ብዙ ነበሩ። እነዚህ ሲመለሱ ቤተ ክርስቲያን ደጅዋን አልዘጋችም፤ በንስሐና በመጽሐፈ ቄድር ጸሎት ተቀበለቻቸው እንጂ። ጸንቶ የቆመ ሰው የወደቀውን ወንድሙን ሳይንቅ መቀበል፥ በእሳት ፊት ከመቆም የማያንስ ትዕግሥት ነው።

አባ ዕንባቆምም የዐፄ ገላውዴዎስ አማካሪ ሆነው ሳሉ፥ በ1545 ዓ.ም. መጽሐፈ በረላምን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱ። ታሪኩ ከሕንድ ምድር ተነሥቶ በብዙ ቋንቋ የዞረ ነው። ሕመምንና እርጅናን ሞትንም እንዳያይ አባቱ በአዳራሽ ስለ ሸሸገው፥ ኋላም እነዚህን አይቶ ስለ ደነገጠና መናኙ በረላም ስላስተማረው ስለ ንጉሥ ልጅ ስለ ይዋስፍ ይናገራል። የዚያ ዘመን የሀገራችን ሰው ግን የሚሸሸግበት አዳራሽ አልነበረውም፤ ሁሉን በዓይኑ አይቷል። ስለዚህ የጐደለው ሞትን ማየት አልነበረም፤ ካዩ በኋላ እንዴት እንደሚኖሩ ማወቅ ነበረ እንጂ። አረጋዊው አባት ለቈሰለው ሕዝብ ይህን መጽሐፍ ሲሰጡ የሚያስፈልገውን ዐውቀው የሰጡ ይመስለኛል።

ደብረ ሊባኖስም በዚያ ፈተና ብቻ አልቀረም። በግንቦት ወር 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ መነኮሳቱና ዲያቆናቱ በግፍ ተረሸኑ። ገዳዮቹ ራሳቸው በጽሑፋቸው ያመኑት ከ400 በላይ ነው፤ ኋላ የመረመሩ ሊቃውንት ግን ከ1,000 እንደሚበልጥ አስረድተዋል። እንዲህም ሆኖ ዛሬ በዚያ ስፍራ ማሕሌት ይቆማል፥ ደወልም ይደወላል። ይህን የምጽፈው ደሙ ይረሳ ለማለት አይደለም፤ እንዲያውም የሚቆጥረውና የሚጽፈው ካልተገኘ ትዕግሥቱም አብሮ ይረሳል።

እንግዲህ ለጠየቀኝ ሰው መልሴ ይህ ነው። ወንድሜ ሆይ፤ ትዕግሥት ዝም ማለት አይደለም። ነቢዩ አልቅሶ ጠይቋል፤ እጨጌውም ለባለ ሰይፉ ጽፈዋል። ትዕግሥት ልብን ለቂም ሳይሰጡ በደልን በደል ብሎ መጥራት፥ እጅንም ለነገ ከሚሆን ሥራ አለመመለስ ነው። ሰላምም መከራው ካለፈ በኋላ የሚከፈል ደመወዝ አይደለም፤ አባ ዕንባቆም በጋፋት ስደት ብዕራቸውን ሲቀርጹ አብሯቸው ነበረ።

በሚመጣው ሰንበት በዚያው ደጀ ሰላም እፈልገዋለሁ። በዚህ ጊዜ ግን አስቀድሜ እርሱ ስለ ቤቱና ስለ ከብቱ የሚናገረውን እስኪፈጽም እሰማለሁ፤ ከእኔ የጐደለው ትዕግሥት እርሱ ነበረና። የአባቶቻችን አምላክ ለተሰደዱት ማረፊያን፥ ለሀገራችንም ሰላምን ይስጥ። አሜን።