ቫይታሚን ዲ፦ አንዱ ክንድ ብርሃን አግኝቶ ሁለቱም ሲድኑ

ብርዱ በገባ ቁጥር ከስዊድን፣ ከካናዳ፣ ከአሜሪካ አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ «ልጄ በደንብ ይበላል፣ ይጠባል፤ የቫይታሚን ዲ ጠብታው ለምን አስፈለገ?» መልሱ ያለው በታሪክ ውስጥ ነውና እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሪኬትስ የልጆች አጥንት በቂ ማዕድን አጥቶ ሲለሰልስ የሚመጣ በሽታ ነው። እግር ይንጋደዳል፣ የእጅ አንጓ ያብጣል፣ ጥርስ ይዘገያል። እንግሊዛዊው ሐኪም ፍራንሲስ ግሊሰን በ1650 ስለ በሽታው መጽሐፍ ጽፏል፤ ምክንያቱ ግን ከዚያ በኋላ ከ250 ዓመት በላይ ሳይታወቅ ቆየ። ፖላንዳዊው ሐኪም ሽኒያዴትስኪ በ1822 የከተማ ልጆች ከገጠር ልጆች ይልቅ እንደሚታመሙ አስተውሎ «ፀሐይ አሙቋቸው» የሚል ምክር ሰጥቶ ነበር። ብዙ ሰሚ አላገኘም።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በርሊን በሪኬትስ በተጎዱ ልጆች ተሞልታ ነበር። ኩርት ሁልድሺንስኪ የተባለ የሕጻናት ሐኪም ከፀሐይ ጨረር ጋር የሚመሳሰል ጨረር በሚያወጣ መብራት ሊያክማቸው ሞከረ። የራጅ ምስሉ አጥንታቸው እየጠነከረ መሆኑን አሳየ። ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ ያደረገው ነው፦ መብራቱን በአንድ ክንድ ላይ ብቻ አበራ። በራጅ ሲታይ ብርሃን ያላገኘው ክንድም አብሮ ድኗል! ታዲያ ጨረሩ አጥንቱን በቀጥታ አልነካውም ማለት ነው። ቆዳ ላይ አንድ ነገር ተሠርቶ በደም ተጉዟል። ሥራው የታተመው በ1919 ነው።

በዚያው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ ኤድዋርድ ሜላንቢ ቡችሎችን ቤት ዘግቶ የአጃ ገንፎ እያበላ ሪኬትስ አስያዛቸው፤ በዓሣ ጉበት ዘይት ደግሞ አዳናቸው። አንዱ ወገን «ብርሃን ነው»፣ ሌላው «ምግብ ነው» እያለ ተከራከረ። ሁለቱም ልክ ነበሩ። በ1922 አሜሪካዊው ማኮለም በዘይቱ ውስጥ ከቫይታሚን ኤ የተለየ ነገር መኖሩን አሳየ፤ ቫይታሚን ዲ የሚለው ስም ከዚህ መጣ። በ1924 ደግሞ ስቲንቦክ ምግብን ራሱን ጨረር ላይ በማሳረፍ ሪኬትስን መከላከል እንደሚቻል አረጋገጠ።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። በብርዱ ወራት ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል የሚያስፈልገው ጨረር ምድር አይደርስም። ቦስተን ውስጥ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ቆዳ ቫይታሚን ዲ መሥራት እንደማይችል በ1988 የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ ስቶክሆልም ደግሞ ከቦስተን ይልቅ ወደ ሰሜን የራቀች ናት። በመስኮት መስታወት በኩል ማሞቅም አይጠቅምም፤ መስታወት ያንኑ ጨረር ያስቀራል። ጠቆር ያለው ቆዳችን ደግሞ ያንኑ ያህል ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። የእናት ጡት ወተት ለሁሉም ነገር ተወዳዳሪ የለውም፣ በቫይታሚን ዲ ግን ደካማ ነው።

«እኛ አገር ፀሐይ ሞልቶ» የምትሉም አትዘናጉ። በ1997 ከአዲስ አበባው የኢትዮ-ስዊድን የሕጻናት ሆስፒታል የወጣ ጥናት 500 የሳንባ ምች ያለባቸውን ከ5 ዓመት በታች ሕጻናት ከ500 የሳንባ ምች ከሌለባቸው ጋር አነጻጸረ። ከታመሙት 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ ከሌሎቹ 20ው ብቻ። የጎድን አጥንት ሲለሰልስ ሕጻኑ በደንብ መተንፈስና አክታውን ማውጣት ያቅተዋል። ፀሐይ በደጅ እያለች ሕጻኑ «ምች ይመታዋል፣ ዓይን ይበላዋል» ተብሎ ተጠቅልሎ ጓዳ ሲቆይ ከበርሊኑ ልጅ በምን ይለያል?

በመጠኑ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ1950ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ በዱቄት ወተቱም በሕጻናት ምግቡም ቫይታሚን ዲ በብዛት ሲጨመር በደማቸው ውስጥ ካልሲየም በዝቶ የታመሙ ሕጻናት ነበሩ፤ መንግሥትም መጠኑን አስቀነሰ። ጡት ለሚጠባ ሕጻን ከተወለደ ጀምሮ የተለመደው በቀን 400 ዩኒት ነው። የጠብታው ጥንካሬ እንደ አምራቹ ይለያያል፦ በአንዱ ጠርሙስ 400 ዩኒት የሚሆነው አንድ ጠብታ ሲሆን በሌላው አንድ ሙሉ ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ የጎረቤት ልጅ የሚወስደውን ቁጥር አትቅዱ፤ የእናንተን ጠርሙስ ይዛችሁ ፋርማሲስቱን ወይም ሐኪማችሁን ጠይቁ።