በፋሲካ ማዕድ የልጆች ጥያቄ፦ አጭር ታሪካዊ ቅኝት

በጫኖ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን በጌታ እራት እሑድ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ኅብስቱ ሲዞር ስድስት ዓመት የሚሆነው ልጅ፣ «እማ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ እናቱን ጠየቀ። እርሷም ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘችው። አልፈርድባትም፤ እኔም ያደግሁት እንዲሁ ነው። ነገር ግን፣ ውድ አንባቢ፣ የልጁ ጥያቄ ረጅም ታሪክ አለው።

ዘጸአት 12፥26-27 ልጆች ስለ ፋሲካ ሥርዓት ትርጉም እንደሚጠይቁ አስቀድሞ ያስባል፤ ወላጆችም ምን እንደሚመልሱ ይነግራቸዋል። ዘጸአት 13፥14 እና ዘዳግም 6፥20 ተመሳሳይ አሳብ አላቸው። ሕጉ የልጅን ጥያቄ እንደ ረብሻ አልቆጠረውም፤ መልስ አዘጋጀለት እንጂ።

በ70 እ.ኤ.አ. ሮማውያን ቤተ መቅደሱን ሲያፈርሱ የበዓሉ ክብደት ወደ ቤት ማዕድ ዞረ። በ200 እ.ኤ.አ. ገደማ የተጠናቀረው ሚሽና ስለ ፋሲካ በሚናገርበት ክፍል፣ በምዕራፍ 10፣ ሁለተኛው ጽዋ ሲቀዳ ልጅ አባቱን እንደሚጠይቅ ይደነግጋል። ልጁ መጠየቅ ካልቻለ አባት እንደ ልጁ መረዳት ያስተምረዋል። የባቢሎን ታልሙድ ደግሞ ረቢ አቂባ በፋሲካ ዋዜማ ልጆች እንዳያንቀላፉና እንዲጠይቁ የተጠበሰ እህልና ለውዝ ያድላቸው እንደነበር ይተርካል። በእኛ አነጋገር ቆሎ ማለት ነው። ታላቁ የሕግ መምህር ለልጆች ቆሎ መያዝን አልናቀም።

በአገራችን በጎንደር ዙሪያ፣ እንደ ወለቃና አምቦበር ባሉ መንደሮች ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ሚሽናና ታልሙድ አልነበራቸውም። የነበራቸው የግእዙ ኦሪት ነው። በግ ያርዱ፣ ሰባት ቀን ቂጣ ይበሉ፣ ከቄሶቻቸውም የመውጣቱን ታሪክ ይሰሙ ነበር። እንጀራ ቀርቶ ቂጣ ሲጋገር የቤቱ ልጅ የበዓሉን ልዩነት በምላሱ ያውቀዋል።

በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ብዙዎቹ በእግር ወደ ሱዳን ሲጓዙ በመንገድና በመጠለያ በሺዎች የሚቆጠሩ ሞቱ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ዛሬ በዚያ የልጅ ልጅ በማዕድ ሲጠይቅ፣ ከኦሪቱ ጋር የራሱን መውጣት አያይዞ የሚመልስ አያት አለ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሚሽና የተጠናቀረው ከጌታ የመጨረሻ እራት ከ150 ዓመት በላይ ቆይቶ ስለሆነ፣ የኋላውን ሥርዓት ሁሉ ወደ ወንጌሉ ማዕድ መልሰን ማንበብ አይገባንም። ልጆች ከኅብስቱ ይካፈሉ ወይስ አይካፈሉ የሚለውም ሌላ ክርክር ነው። መጠየቅ ግን መካፈል አይደለም። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 11፥26 ማዕዱን የጌታን ሞት የምንናገርበት ያደርገዋል፤ የሚናገር ሰው ደግሞ ሰሚ ያስፈልገዋል።

በብዙ አጥቢያዎቻችን ኅብስቱ ሲቀርብ ልጆች ወደ ሰንበት ትምህርት ክፍል ይወጣሉ። ስለዚህ ጥያቄው የሚነሣበትን ሰዓት ራሳችን እንወስድባቸዋለን። በወር አንድ ጊዜ እንኳ ከወላጆቻቸው ጋር ይቀመጡ፤ ወላጅም በጆሯቸው የሚመልሰውን ሁለት ዓረፍተ ነገር እቤቱ ያዘጋጅ። የጫኖው ልጅ ጥያቄውን ጠይቆአል፤ የቀረው የእኛ መልስ ነው።